ጋሽ እንድሪስና የማይተነፍሰው ዱቄት

የጋሽ እንድሪስን መሞት የሰማሁት ሰመራ ውስጥ፣ ለጡረታዬ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት በረንዳ ላይ ተራ ስጠብቅ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ የአፋር ሰው ከየት እንደመጣሁና ምን ስሠራ እንደኖርኩ ጠየቀኝ። በደርግ ጊዜ አዋሽ ሰባት ከብት ከታቢ እንደነበርኩ ስነግረው «እንግዲያው እንድሪስን ታውቀዋለህ» አለኝ። ከዚያ ዳጉውን ጀመረ። ዳጉ የአፋር የወሬ ሥርዓት ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ቁጭ ይሉና ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይለዋወጣሉ። ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ሰሚ አያገኝም። ሰውየው ጋሽ እንድሪስ ጭፍራ፣ ሴት ልጃቸው ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ካለቀ ወዲያ እንዳረፉ ነገረኝ። ስንት ቀን እንደታመሙ፣ ማን እንዳጠባቸው፣ መቃብሩን እነማን እንደቆፈሩ፣ የዚያን ዕለት ነፋሱ ከየት ይነፍስ እንደነበር ሳይቀር ዘረዘረልኝ። ሲጨርስ «እኔ የማውቀው ይህን ነው፤ ሌላ አልሰማሁም» አለ።

አልደነገጥኩም። ጋሽ እንድሪስ ዕድሜ የጠገቡ ሰው ነበሩ፤ እኔም ሞት የሚያስደነግጥበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። ነገር ግን ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አለመስማቴን ያወቅኩት ጸሐፊዋ በቁጣ ስትነግረኝ ነው። ተራዬ አለፈኝ፤ ለሌላ ቀን ቀጠሩኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ አለቆች አይቻለሁ። ዲግሪ በዲግሪ ላይ የደረቡም ነበሩባቸው። ከአንዳቸውም አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አላስታውስም። የጋሽ እንድሪስን ንግግር ግን ከነሳላቸው አስታውሰዋለሁ።

አዋሽ የደረስኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከደብረ ዘይት የእንስሳት ጤና ረዳትነት ምስክር ወረቀት ይዤ ነው። የምደባ ደብዳቤዬ «የጣቢያው ኃላፊ» ይለኛል። ጣቢያው ማለት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት፣ ካልተገፋች የማትነሣ አንዲት ላንድሮቨር፣ በላምባ የሚሠራ አንድ ፍሪጅና ጋሽ እንድሪስ ነው። እሳቸው ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ከታቢ ናቸው። የባቲ ሰው፣ ረጅምና ከሲታ፣ ከትከሻቸው ላይ እርጥብ ፎጣ የማይለያቸው። አባታቸው ከአፋር ጋር በግመል ይነግዱ ስለነበር አፋርኛን አፋቸውን የፈቱበት ያህል ያውቁታል። በወረቀት አለቃቸው እኔ ነበርኩ። ይህን ነገር እንደ ጥሩ ቀልድ ነው የያዙት፤ እስክንለያይ ድረስ «አለቃ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር፣ በተለይ ስሳሳት።

በመጀመሪያው ቀን ፍሪጁን ከፍተው የክትባት ብልቃጦቹን አሳዩኝ። ከብት የሚፈጀውን የደስታ በሽታ የምንከላከልባቸው ናቸው። ይህን በሽታ ደስታ ብሎ የሰየመው ሰው ምን ታይቶት እንደሆነ እንጃ። በየብልቃጡ ሥር እንደ ዱቄት ወተት የደረቀ ነገር አለ፤ የተዳከመ ቫይረስ ነው። በቀዝቃዛ የጨው ውሃ ሲበጠበጥ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ከብት ይበቃል።

«አለቃ፣ መቼስ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ይሄ ነገር ሕያው ነው ወይስ ግዑዝ?»

ፈተና ላይ የመጣልኝ ጥያቄ ስለነበር ደስ አለኝ። «ሕያው አይባልም» አልኩ። «አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም። ብቻውን መራባትም አይችልም። የሌላ ፍጡር ሴል ውስጥ እስካልገባ ድረስ ዝም ብሎ ቁስ ነው።»

«ጎበዝ። እንግዲያው ፍሪጅ ውስጥ ምን ይሠራል? ድንጋይ ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው አይተሃል?»

«ሙቀት እንዳይገድለው ነዋ» አልኩ። ያልኩትን የሰማሁት ካፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ጋሽ እንድሪስ ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ፤ የተንቀጠቀጠው ትከሻቸው ብቻ ነው። «ያልኖረ ነገር ሲሞት ገና ዛሬ ሰማሁ» ብለው ፍሪጁን ዘጉት።

ክርክሩ በዚያው ቀጠለ። ጎማ ስንቀይር፣ መንገድ ላይ ስንገፋ፣ ከብቱ እስኪሰበሰብ ግራር ሥር ስንጠብቅ እንከራከራለን። እኔ ከደብተሬ ግዑዝ መሆኑን አስረዳለሁ። እሳቸው ሕያው ነው ብለው ይሞግቱኛል ብዬ ብጠብቅ አይሉም፤ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ተናድጄ «ታዲያ ነፍስ አለው ነው የሚሉኝ?» አልኳቸው።

«ነፍስ የአላህ ጉዳይ ነው፤ እሱን አልነካካም» አሉ። «ሕያው መሆኑን አላውቅም። ሟች መሆኑን ግን አውቃለሁ። ለኔ ሥራ ይኸው ይበቃኛል።»

ፍሪጁ ውስጥ ከክትባት በቀር ምንም ነገር አያስገቡም። የክትባት ዘመቻው አስተባባሪ ጓድ ሙሉጌታ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣና ሙቀቱ ያንገበገበው ካድሬ፣ አንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይዞ መጣ። ለአንድ ሰዓት ብቻ ይቀመጥልኝ አለ። ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ይቅርታ ጓድ፣ ቤቱ ተከራይ አለበት» አሉት። ጓድ ሙሉጌታ ሳቀ፤ ቢራውን ግን ትኩሱን ጠጣው።

ላምባውን የሚያነደውን የፍሪጁን ክር ከሳቸው በቀር ማንም አይነካም ነበር። የላምባ ፍሪጅ ነገረ ሥራው ግራ ነው፤ እሳት እያነደደ ነው የሚያቀዘቅዘው። አላዋቂ ሰው ነበልባሉን ከፍ ሲያደርግ ብርዱ የሚጨምር ይመስለዋል። «ክሩ ሲረዝም ይጨሳል፤ ሲጨስ ጥላሸቱ ጭስ መውጫውን ይዘጋዋል፤ ሲዘጋ ይሞቃል» ይሉኝ ነበር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እንደ ዳዊት ደጋሚ።

አንድ ሌላ ብልሃትም ነበራቸው። በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ ሞልተው በፍሪጁ በረዶ ቤት ያረጉታል። በረዶው ሲጠነክር የጃንሆይ መልክ ያለበትን አሮጌ አሥር ሳንቲም ከላዩ ያስቀምጡበታል። ፍሪጁ እኛ በሌለንበት ጠፍቶ ሞቆ እንደገና ቢበርድ፣ በረዶው ቀልጦ ሳንቲሙ ይሰምጣል፤ ውሃው ተመልሶ ቢረጋም ሳንቲሙ ከታች ይቀራል። ክትባቱ መሞቱ በዓይን አይታይም። የሞተው ዱቄትና ያልሞተው ዱቄት መልካቸው አንድ ነው። ስለዚህ ያቺን ሳንቲም «ዘበኛዬ» ይሏት ነበር። ጠዋት ጠዋት ፍሪጁን ከፍተው ዘበኛዋ ከላይ መሆኗን ሲያዩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይዘጋሉ።

የቫይረሱ ነገር ቅዳሜ ቅዳሜ በሚደረገው የውይይት ክበብም ተነሥቶ ነበር። ትምህርቱ ሕይወት ከቁስ አካል እንዴት እንደመጣ ነው። እኔ ተራዬ ደርሶ ስለ ቫይረስ አስረዳሁ፤ በግዑዙና በሕያው መካከል ያለ ድልድይ ነው አልኩ። ጓድ ሙሉጌታ በጣም ተደሰተ። «ድልድይ! ግሩም አባባል ነው። ጓድ እንድሪስ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አላቸው።

ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። «ጓድ፣ ድልድይስ ይሁን። እኔ የምፈራው መሻገሪያው ላይ ከብቶቹ መኖራቸውን እንዳንረሳ ነው» ብለው ተቀመጡ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ ጓድ ሙሉጌታም ሳቀ። እኔ በሆዴ ያልተማረ ሰው ነገር አልኩ።

በዚያ አካባቢ የምንከትብላቸው ትልቅ ሰው ሁመድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከአዋሽ አርባ ወዲያ ባለው ደረቅ ኮረብታ ከጎሣቸው ጋር ይኖራሉ። ከጋሽ እንድሪስ ጋር እኩያሞች ነበሩ፣ የልብ ወዳጆችም። አንድ ጊዜ ክርክራችንን ሰምተው ስለ ዱቄቱ ብዙ ጠየቁኝ። ላም ውስጥ ሳይገባ ስንት ዓመት ይቀመጣል? ገብቶስ ምን ያደርጋል? በላሟ ሴል ውስጥ እንደሚራባ ነገርኳቸው። አሰቡና «እንግዳ ነው» አሉ። «የራሱ ቤት የለውም። ሰው ቤት ካልገባ አይበላም፤ ሰው ቤት ካልገባ አይወልድም። እንግዳ መንገድ ላይ ሳለ አለ ይባላል ወይስ የለም ይባላል? ከደረሰ በኋላ ነው የሚታወቀው።» ይህን ከመማሪያ መጽሐፌ የተሻለ መልስ አድርጌ የወሰድኩት ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

የሁመድ ሰዎች መርፌ አይወዱም ነበር። ቀደም ባለ ዓመት ከሌላ ቦታ የመጡ ከታቢዎች ከብታቸውን ወግተው ሄዱ፤ በወሩ በሽታው ገብቶ የተወጋውን ሁሉ ፈጀው። ሰው ሁሉ መርፌው ገደለ አለ። ክትባቱ መንገድ ላይ በሙቀት ሞቶ እንደነበር የነገሯቸው ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁመድ ስለ ዝናብና ስለ ሰላም ከጠየቁ በኋላ ሳይዘነጉ ስለ በረዶው ይጠይቁ ነበር።

ነገሩ የሆነው ድርቅ በበረታበት ዓመት ነው። ኮረብታው ላይ ሣር አለቀ። ወንዙ ዳር ግጦሽ ቢኖርም እዚያው ደስታ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ሁመድ ወደ ጋሽ እንድሪስ ላኩ፤ «ከብቶቼን ውጋልኝና ወደ ወንዙ ልውረድ፤ አለዚያ እዚህ በረሃብ ያልቁብኛል» ብለው። ለእኛ ከዚህ የበለጠ እምነት አልነበረም። ክትባቱ ሕያው ከሆነ ከብቱ ወርዶ ይተርፋል። የሞተ ከሆነ እኛን አምኖ በገዛ እግሩ ሄዶ ሞት ውስጥ ይገባል።

ቀን ተቆርጦ ሳለ ጋሽ እንድሪስ ለእህታቸው ልጅ ሰርግ ለአራት ቀን ባቲ ሄዱ። ሲሄዱ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አለቃ፣ ክሩን እንዳትነካው።»

ነካሁት። ሙቀቱ አሰቃቂ ነበር፣ ያንን ሁሉ ክትባት አደራ ተቀብዬ ፈራሁ፣ ትንሽ ከፍ ባደርገው ይሻላል አልኩ። ከዚያ ለሁለት ቀን ስብሰባ ሄድኩ። ስመለስ ክፍሉ በጥላሸት ጠቁሯል፣ ነበልባሉ ጠፍቷል፣ ብልቃጦቹ መዳፌ ውስጥ እንደ እንቁላል ይሞቃሉ። ጭስ መውጫውንና ግድግዳውን ጠረግሁ፤ ክሩን ቆርጬ እንደገና ለኮስኩት። ጋሽ እንድሪስ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር ፍሪጁ ተመልሶ ቀዘቀዘ። በኩባያው በረዶ ላይ ሳንቲም አልነበረም። ኪሴን ፈትሼ አንድ አሥር ሳንቲም አገኘሁና ከላይ አስቀመጥኩበት።

ለራሴ ምን እንዳልኩት ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ቫይረስ ሕያው አይደለም፤ ሕያው ያልሆነ ነገር እንዴት ይሞታል አልኩ። ደረቅ ዱቄት ነው፣ ሁለት ቀን ምን ያደርገዋል አልኩ። ስንት ወር የተሟገትኩለትን ሐሳብ መደበቂያ አደረግሁት። አፍሬበታለሁ፤ እስካሁንም አፍርበታለሁ።

በቀጠሮው ማለዳ ጋሽ እንድሪስ ፍሪጁን ከፍተው ሳንቲሟን ከላይ አዩ። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ብርሃን ስለማይገባ መልኳን ልብ አላሉትም። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ብልቃጦቹን ወደ በረዶ ሣጥኑ አዛወሩ። ኩባያውንም ከተቱት፤ ለመንገድ በረዶ የሚባል ነገር አይጣልም። ጓድ ሙሉጌታ ዘመቻውን ራሱ ሊያይ አብሮን ወጣ።

ስንደርስ ከብቱ ኮረብታው ሥር ተሰብስቦ አቧራው ይታያል። ጋሽ እንድሪስ ከብቱ ተራ በተራ የሚያልፍበትን የእንጨት አጥር ሊያጠባብቁ ወረዱ። ሁመድ እኔን ጥላ ሥር አስቀመጡኝና ዳጉ ጠየቁኝ። አፋርኛ ለዚያ ያህል ተምሬ ነበር። ስለ መንገዱ፣ ስለ አዋሽ ገበያ፣ ስለ ባቡሩ ጠየቁኝ፤ ሁሉንም በእውነት መለስኩ። በመጨረሻ «በረዶውስ?» አሉኝ።

«በሰላም አደረ» አልኳቸው።

መውጋት ጀመርን። ጥቂት ከብት እንዳለፈ ጋሽ እንድሪስ የመበጥበጫውን ውሃ ማቀዝቀዣ በረዶ ፈልገው ሣጥኑን ከፈቱ። ኩባያው ግማሹ ቀልጦ ነበር። ውሃውን ወደ መዳፋቸው ሲደፉት በረዶው ተላቆ ወጣ፤ ከሱ ጋር ሁለት ሳንቲም። አንዱ የጃንሆይ፣ አንዱ የደርግ። ለጥቂት ጊዜ መዳፋቸውን እያዩ ቆሙ። ከዚያ እኔን አዩኝ። አልተቆጡም። 

መርፌያቸውን አስቀምጠው ወደ ሁመድ ሄዱና መሬት ላይ ተቀመጡ። በዳጉ ወግ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ባቲ መሄዳቸውን፣ ፍሪጁን ለኔ መተዋቸውን፣ ሳንቲሟን፣ ሁለት ሳንቲም ማግኘታቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ። «ይህ ልጅ ፍሪጁ ሞቆበት ደብቆኛል። አንተንም ዋሽቶሃል። ይህ ክትባት የሞተ ነው። ወደ ወንዙ እንዳትወርድ» አሉ።

 አፋርኛ የማይሰማው ጓድ ሙሉጌታ «ምንድን ነው የሚሉት? ለምን ቆመ?» እያለ መጣ። ጋሽ እንድሪስ ይነግሩታል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ወደኔ ዞሩና በአማርኛ «አለቃ፣ ተርጉምለት» አሉኝ።

ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። በረዶው አነሰ፣ ከብቱ ደከመ፣ ነገ እንመለሳለን ማለት እችል ነበር። በዚያ ዘመን «አሻጥር» የምትባል ቃል ሰውን ምን እንደምታደርግ ሁሉም ያውቃል። ግን ተረጎምኩለት። ስለ ራሴ የተባለውን ሁሉ፣ ዋሽቶሃል የምትለውን ሳልዘል።

ጓድ ሙሉጌታ ፊቱ ገረጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱንም ከላይ የሚጠይቁት አሉ። «ቆይ፣ ቫይረስ ሕይወት የለውም ብለኸን የለም እንዴ?» አለኝ። «በክበቡ አስረድተኸናል። ሕይወት ከሌለው አልሞተም። ውጉና እንጨርስ፤ የተወጋ ከብት የተወጋ ነው።»

የኔ ክርክር ከሱ አፍ ሲወጣ ምን እንደሚመስል ያኔ ሰማሁት። «ሞቷል ጓድ» አልኩት። «ገድዬዋለሁ።»

ሁለታችንም ታሰርን። እኔ የመንግሥት ንብረት በማበላሸት፣ ጋሽ እንድሪስ ሕዝቡን በማደናገርና ዘመቻውን በማሰናከል። የታሰርንበት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ግድግዳው ሥር ጥላ እየተከተልን እንዞራለን። እሳቸው ይሰግዳሉ፣ ይተኛሉ፣ ለጠባቂዎቹ ስለ ፍየል በሽታ ምክር ይሰጣሉ። ሳምንት ያህል በቁጣ አላናገርኳቸውም። በመጨረሻ አላስቻለኝም።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ልጅ ነኝ ብለው እንኳ ስሜን ቢተዉልኝ ምን ነበረበት? ፍሪጁ ተበላሸ ቢሉ ይበቃ ነበር።»

«ዳጉ ነዋ» አሉ። «ግማሽ ዳጉ የለም። ስምህን ብተው ሁመድ ማን አበላሸው ይለኛል። አላውቅም ልለው ነው? እኔንም ካላመነኝ ከብቱን ማን ይወጋለታል?»

«እኔ ሆን ብዬ አይደለም። የማይኖር ነገር አይሞትም ብዬ…»

«እሱን ተወው» ብለው አቋረጡኝ። «የዱቄቱን ነገር ተምረህ መጣህ፤ ደግ። ላሞቹ ሕያው መሆናቸውን ደብረ ዘይት አልነገሩህም?»

 ጋሽ እንድሪስ መልሴን ሳይጠብቁ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ተኙ። ያን ቀን አለቀስኩ። ተቀይሜያቸው አይደለም። ወደ ወንዙ ሊወርዱ የነበሩት ከብቶች አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ እየመጡ ነው።

የፈታን ምሕረት ሳይሆን በሽታው ነው። ደስታ ወንዙ ዳር የነበሩ የሌላ ጎሣ ከብቶችን መፍጀት ጀመረ። ከላይ አዲስ ክትባት ተላከ፤ ጓድ ሙሉጌታ ከታቢ ቢፈልግ በአካባቢው ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም እስር ቤት። ራሱ መጥቶ አስፈታን። ለጋሽ እንድሪስ እጁን ሲዘረጋላቸው በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ስለ ታሰሩበት ነገር አንድ ቃል አልተናገሩም።

በዚያው ቀን በረዶ ጭነን ወደ ሁመድ ሄድን። ኮረብታው ላይ የጠበቀን ነገር ደስ አያሰኝም። አልወረዱም፤ ጋሽ እንድሪስን አምነው በደረቁ መሬት ላይ ቆይተዋል። ጥጆቹ ማለቅ ጀምረዋል፤ የቀሩት ላሞች አጥንታቸው ይቆጠራል። የሞቱትን ጥጆች ከአጥሩ ጀርባ ከምረዋቸዋል። እውነቱን መስማት ይህን ያህል አስከፍሏቸዋል። ሆኖም ወንዙ ዳር እንደነበሩት መንጋው በሙሉ አላለቀም።

ሁመድ ሰላምታችንን ተቀብለው ተቀመጡ። እኔ ከላንድሮቨሯ ጀርባ ቀርቼ ዕቃ የማወርድ መሰልኩ፤ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ጋሽ እንድሪስ ዳጉውን ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ሁመድ በበትራቸው ጫፍ እኔን አመለከቱ።

«ዛሬ እሱ ይንገረኝ» አሉ።

ሄጄ ፊታቸው ተቀመጥኩ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ክትባቱ በየትኛው ባቡር እንደመጣ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ ስንቀበለው ሣጥኑ ውስጥ ስንት በረዶ እንደነበር፣ መንገድ ላይ ሣጥኑን ማን፣ የት፣ ስንት ጊዜ እንደከፈተው ነገርኳቸው። ፍሪጅ ውስጥ አንዲት ሌሊት እንኳ እንዳላደረ ነገርኳቸው። የታሰርኩትን፣ ያለቀስኩትን፣ ያኔ ስለ በረዶው ለምን እንደዋሸሁም ሳይቀር ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። በመጨረሻ «ታዲያ ይሄኛው በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ ብዬ አምናለሁ» አልኩ። «በዓይኔ ግን አላየሁም። ይህን በዓይኑ የሚያይ ሰው የለም። እኔ የማውቀው አለመሞቁን ነው። ሌላ አላውቅም።»

ሁመድ ወደ ጋሽ እንድሪስ ዞሩ። «እንድሪስ፣ እውነት ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ጎንበስ ብለው ብልቃጡን ይበጠብጡ ነበር። ቀና አላሉም።

«ከሱ ሰምተሃል» አሉ። «ከኔ ምን ትሰማለህ?»

 ሁመድ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ አጥሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። ከብቱ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጋሽ እንድሪስ የሞላውን መርፌ አነሡ፣ ለኔ ሰጡኝና ራሳቸው የላሟን ቀንድ ያዙ። የመጀመሪያዋ የሁመድ የራሳቸው ላም ነበረች።